ሳልጭን የለካኋት መኪና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «እትዬ አስካለ፣ የትኛዋ ትሻለኛለች? የጃፓኗ ወይስ የኮሪያዋ? ቤንዚን የማትበላዋ የቷ ናት?» አሁን አሁን ደግሞ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» የሚል ተጨምሯል። ሠላሳ ስንት ዓመት መኪና ሥር ተኝቼ ስለወጣሁ መልሱ ኪሴ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መልሼ እጠይቃለሁ። ማን ነው የሚቀመጥባት? በየትኛው መንገድ ነው የምትሄደው? ሳትሞላ ከየት እስከ የት መድረስ አለባት? አንዳንዱ ይሰለቸዋል። «ዝም ብለሽ አንዷን ብትነግሪኝ ምናለበት?» ይለኛል።

ዝም ብዬ አንዷን የነገርኩት ሰው ነበር። ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው። ስለ ቀረው የሥራ ዘመኔ የማወራውም እሱ ዘንድ ለመድረስ ያህል ነው።

የተወለድኩት አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። የሰፈራችን ሰው ወይ የባቡር ነው ወይ የፋብሪካ፤ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጋራዥ ነዳጅ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የትኛው መኪና ስንት ሊትር ቀዳ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ፣ እያልኩ በትልቅ መዝገብ መጻፍ ነበር ሥራዬ። ደመወዙ ለጫማና ለእናቴ ጤፍ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የሚወራ የለም።

የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ በየነ ይባላሉ። ከባቡር ወርክሾፕ የመጡ፣ አጭር፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን መዝገቤን ገልጠው አዩና «ይቺ ፒካፕ ባለፈው ወር በሊትር ዘጠኝ ትሄድ ነበር። በዚህ ወር ሰባት ብለሻል። ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሽ በየነ፣ እኔ እኮ ጸሐፊ ነኝ» አልኳቸው።

«የማታውቂውን ለምን ትጽፊያለሽ?» አሉና ተከተይኝ ብለው መኪናዋ ዘንድ ወሰዱኝ። ገና ከመንገድ መግባቷ ነበር። በየጎማው እየዞርኩ መዳፌን እንዳስጠጋ አዘዙኝ። የኋላ ግራዋ ትፋጅ ነበር። ፍሬኗ ይዞ አልለቅ ብሏል፤ ሳምንቱን ሙሉ ከራሷ ፍሬን ጋር እየታገለች ነው የምትሄደው። ቤንዚኑ የሚያልቀው እዚያ ነበር። በማግሥቱ ቱታ አሰጡኝ። ቱታ የለበሰች ሴት አይተው የማያውቁት የመጋዘን ሰዎች ለአንድ ወር ያህል ሳቁብኝ፤ ከዚያ ሳቁ አለቀባቸው።

ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ማንበብ ከእሳቸው ተማርኩ። ነቅለሽ ስታይው ጫፉ የቡና ቤት ማኪያቶ ከመሰለ ሞተሩ ደህና ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን ሳይቃጠል እየወጣ ነው፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ተርቦ እየነደደ ነው። ጎማ ከመነፋቱ በፊት ስለ ነዳጅ ፍጆታ ማውራት እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ሲለኩ ደግሞ እንደ ቄስ ሥርዓት አላቸው። ማደያው ላይ መኪናዋን ያቆሙና አራቱ ጎማ ያረፈበትን ሲሚንቶ በጠመኔ ያሰምሩበታል። ቤንዚኑ እስከ አንገቱ ሲሞላ የኋላዋን ይዘው ወዘወዝ ያደርጓታል፣ ውስጥ የተቋጠረው አየር እንዲወጣ። እንደገና ይሞላሉ። ከጉዞ ሲመለሱም ያው ማደያ፣ ያው ቀጂ፣ ጎማዋ ያው ጠመኔ ላይ። አንድ ስንዝር ብታልፍ ወደ ኋላ ያስመልሱናል። መሬቱ ትንሽ ካዘነበለ የነዳጅ ጋኑ የሚይዘው ይለያያል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ከሁሉም በላይ የማይለቁት ልማድ ግን መጫን ነበር። ባዶ መኪና አይለኩም። የሚቀመጥባት ሰው ተቀምጦባት፣ በዚያ ሰው መንገድ፣ ሄዳ መመለስ አለባት።

አንድ ጊዜ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለቢሮ አነስተኛ የቤት መኪና ልግዛ ብለው ሁለት ሻጮች ሁለት አዳዲስ መኪና ይዘው መጡ። አንደኛው ልጅ አፉ ዘይት የተቀባ ነው። «ጋሽዬ፣ ይቺ በሊትር ሃያ ትሄዳለች። መጽሐፏ ላይ ተጽፏል» አለ።

«መጽሐፉ ሰው ጭኖ ያውቃል?» አሉት ጋሽ በየነ።

ከዚያ በር ላይ ቆመው ከፈረቃ የሚወጡትን የሽመና ሴቶች መመልመል ጀመሩ። ሦስት ጠሩ። ከሦስቱ አንዷ ወይዘሮ ብዙነሽ ነበሩ፣ ደልደል ያሉ ሰው። «ኧረ ጋሽ በየነ፣ እኔ ብቻዬን የሁለት ሰው ነኝ። መኪናይቱን አዋርዳታለሁ» ቢሏቸው «ለዚያ ነው የጠራሁሽ» አሏቸው። ሴቶቹ እየሳቁ ገቡ፤ ዱከም ድረስ ነድተን ተመለስን። ስንሄድ የነዳጁ ቀስት ንቅንቅ አላለም። ሻጩ ልጅ ከኋላችን በሌላዋ መኪና ሆኖ ደስ ብሎታል። ጋሽ በየነ ግን «ወደ ዱከም ቁልቁለት ነው። ስትሄጂ የሚነዳሽ መሬቱ ነው። መኪናዋን የምታውቂያት ስትመለሺ ነው» አሉኝ። ስንመለስ ሞተሯ ያቃስት ጀመር። ጠመኔው ላይ ቆመን ስንሞላ ሃያ የተባለችው አሥራ ሁለት ሆነች። ብዙ ያልተወራላትን ሁለተኛዋን እንዲሁ ጭነን ስንለካት አሥራ አራት ወጣላት። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛዋን ገዙ፤ እኔ ከዚያ ከለቀቅሁ በኋላ እንኳ ስትሠራ አይቻታለሁ።

ፋብሪካው ሲዳከም ጋራዡ ተዘጋ። ጋሽ በየነ ጡረታ ወጡ፣ እኔ ደግሞ ቃሊቲ፣ ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚያስኬደው መንገድ ላይ ባለ የመኪና ምርመራ ጣቢያ ገባሁ። ለቦሎ የሚመጣውን ሁሉ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጭሱን እያየሁ ማለፍና መውደቁን እጽፋለሁ። መኪና ሥር ከምንገባበት ጉድጓድ ቀና ስል በጠዋቱ ስንቅ አንጠልጥለው ለጥየቃ የሚሄዱትን ሰዎች እግር አያለሁ። ኃላፊያችን አቶ ታምራት ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑ ግን ከመኪኖቹ ሰልፍ ላይ አይነሳም። «አስካለ፣ ሰልፉን አየሽው?» ነው ቋንቋው። እኔም ቀስ በቀስ ሰልፉን ማየት ለመድኩ።

በዚያ ጣቢያ ከሃያ ዓመት በላይ ሠራሁ። ከቦሎው ሥራ ሌላ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው «ነይና እይልኝ» ይለኛል። ሻጩ ፊት ሞተሩን አስነስቼ አዳምጣለሁ፣ እነዳለሁ፣ ሥሯ እገባለሁ። ስሜ ወጣ። «አስካለ ያየቻት ናት» ከተባለ መኪናዋ ቶሎ ትሸጣለች ይሉ ነበር። ሰው ስሙ ሲወጣ ጆሮው ይደፈናል። እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ቶሎሳ የመጣው ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን ነው። ሰልፉ ከማደያው ተነስቶ አስፋልቱን ይዞ የማይታይ ቦታ ድረስ ይሄድ ነበር። ልጁ የኮዬ ፈጬ ሰው ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት አባቱ እዚያው መሬት ላይ ጤፍና ሽንብራ ያርሱ ነበር። አባቱ ሞተዋል። እሱ የሰው ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ አሁን ለቤተሰቡ በቀረችው ገንዘብ የራሱን ትንሽ የቤት መኪና ሊገዛ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያናግረኝ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር።

እናቱ አዴ ድንቄ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ዓርብ፣ ከተማ ሆስፒታል ሄደው ደማቸው በማሽን መታጠብ አለበት። ተራ የሚያዘው በሰዓት ነው፤ የዘገየ ሰው ማሽኑ ለሌላ ይሰጥበታል። በሚኒባስ እየተጋፉ ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል።

«እትዬ አስካለ» አለኝ፣ «እሑድ እሑድ እሞላለሁ። ከዚያ እስከሚቀጥለው እሑድ ሰልፍ መቆም አልችልም። ሰልፍ ከቆምኩ ቀኑ ሄደ ማለት ነው። ሰኞና ዓርብ እናቴን አመላልሳለሁ፣ በመሃል ሰው እየጫንኩ እሠራለሁ። ሁለት መኪና አግኝቻለሁ፣ ዋጋቸው ያው ነው። የትኛዋ ናት ሳምንቱን የምታዳርሰኝ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ጥያቄው ይህ ነበር። ከዚህ በላይ ጥርት ያለ ጥያቄ በሥራ ዘመኔ አልተጠየቅሁም።

አንደኛዋ ነጭ የጃፓን መኪና ናት፣ ሞተሯ ትንሽ። ሁለተኛዋ ብርማ የኮሪያ፣ ትንሽ ተለቅ ያለች። ሁለቱንም ግቢያችን ድረስ አመጣቸው። «እናቴን ላምጣት እንዴ? ሰው ጭነው ነው የሚለኩት ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ።

«ምን ያደርጋል? እናትህን አታንገላታ» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አቶ ታምራት መስኮቱ ላይ ቆሞ ሰልፉን ያያል። ሁለት መኪና እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ነድቶ፣ እንደገና ለመሙላት ቤንዚኑስ ከየት ይመጣል? ጉልበቴም ያመኝ ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፣ ግን ምክንያት አይሆኑም። እውነቱን ልናገር፤ ዓይኔ ያውቃል ብዬ ነው። ተዘናጋሁ፣ ኮራሁ።

ብቻዬን፣ በጠዋት፣ መንገዱ ጭር ባለበት፣ መስኮቱን ዘግቼ ሁለቱንም ተራ በተራ ወደ ዱከም ነዳኋቸው። ገላንን ትንሽ አለፍ ብዬ ተመለስኩ። የአሁን መኪኖች ዳሽቦርዳቸው ላይ በሊትር ስንት እንደሄዱ ራሳቸው ይጽፋሉ፤ እሱን አየሁ። ነጯ አሥራ ዘጠኝ፣ ብርማዋ አሥራ አራት። ጠመኔ የለ፣ ጭነት የለ። ወረቀት ላይ «ነጯ በብዙ ትሻላለች» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። ቶሎሳ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ስህተቴ ሁለት ነው። ትንሽ ሞተር ባዶዋን ስትሄድ ቆጣቢ ናት። አራት ሰው ጭና፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ተጨናንቆ በሚቆም መንገድ ላይ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ግን ከትልቋ እኩል ትጠጣለች። ይህን አውቃለሁ፤ ወይዘሮ ብዙነሽ አስተምረውኛል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ልጁ የጠየቀኝ በሊትር ስንት ትሄዳለች ብሎ አይደለም፤ አንዴ ሞልቼ ሳምንቱን ታዳርሰኛለች ወይ ነው ያለው። የነጯ ጋን ከብርማዋ ጋን በአሥር ሊትር ያንሳል። እኔ ሊትሩን ሳይ ጋኑን ረሳሁት።

ነጯን ገዛ። መጀመሪያ ላይ አብቃቃት። ሐሙስ ማታ መብራቷ ይበራል፣ ዓርብ ጠዋት ተጠንቅቆ ይነዳል፣ ሰፈሩ አቅራቢያ ያለ ማደያ አንድ የሚያውቀው ቀጂ አምስት ሊትር ጣል ያደርግለታል። ልጁ ይህን ለእኔ አልነገረኝም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ይባረኩ እትዬ» ብቻ ነበር የሚለኝ። በኋላ ሰልፉ ባሰ፤ የሚያውቀው ቀጂም ሥራ ለቀቀ።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ወደ ቦሌ ይዞ ሄዷል። ሲመለስ ቀስቱ ታች ነው። ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ እናቱን አልብሶ በር ላይ አስቀምጦ ሰልፍ ያዘ። ሦስት ሰዓት ላይ ከፊቱ አምስት መኪና ሲቀር ቤንዚኑ አለቀ ተባለ። ወደ ሌላ ማደያ ቢሄድ እዚያም የለም። የሚጭን መኪና ሁሉ ሰልፍ ላይ ነው። በመጨረሻ ጎረቤቶች አንድ ሚኒባስ ለምነው አዴ ድንቄን አሳፍረው ሲያደርሷቸው የማሽኑ ተራ አልፏል። ለሰኞ ተቀጠሩ። ሰኞን አላዩዋትም፤ እሑድ ከሰዓት ትንፋሽ አጥሯቸው አረፉ። ሐኪሞቹ ልባቸውም ደክሞ ነበር ብለዋል። ሊሆን ይችላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም።

ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ቶሎሳ ከወንዶቹ መሃል ሆኖ አንድ ሽማግሌ ሲያናግር ሰማሁት። «ሐሙስ ቦሌ ባልሄድ ኖሮ ቤንዚኑ ይበቃት ነበር» ይላል። «ለአንድ ደንበኛ ብዬ እናቴን ገደልኳት።» ሽማግሌው «ተው ልጄ፣ የእግዜር ነገር ነው» ይሉታል። እሱ አይሰማም። ደግሞ ያንኑ ይላል።

በዚያች ሰዓት ተነስቼ «አንተ አይደለህም» ማለት ነበረብኝ። ንፍሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ከስህተቴ ይልቅ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ዝምታ ነው።

ጡረታዬ በዚያው ሰሞን ደረሰ። ጣቢያው ውስጥ ትንሽ ግብዣ አደረጉልኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ። አቶ ታምራት ተነስቶ «ይህቺ ሴት አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም» አለ። ሰው አጨበጨበ። ጋቢው ትከሻዬ ላይ ከበደኝ፤ ራሴን አሞኛል ብዬ ቶሎ ወጣሁ።

አዴ ድንቄ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ሲል ጋሽ በየነን ልጠይቅ አቃቂ ሄድኩ። ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ጫንሽ?» አሉኝ።

«አልጫንኩም።»

«ጋኑንስ?»

«ረሳሁት።»

ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ ሞኝ ነኝ። «እና ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ። «እኔ የሞተብኝ የለ። ለባለቤቱ ንገሪ።»

«ብነግረው ላጽናናው ብዬ የዋሸሁት ይመስለዋል» አልኳቸው።

«እንግዲያው አትንገሪው። አሳዪው።»

ኮዬ ፈጬ ሄጄ ቶሎሳን አገኘሁት። ከስቷል። ሚስቱ ወንበር አቀረበችልኝ። «መኪናህን አንድ ሳምንት ልለካት እፈልጋለሁ» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። «ለምን ይሆን እትዬ?» ሲለኝ «ሲያልቅ እነግርሃለሁ፤ ባትፈልግም እምቢ በለኝ» አልኩት። አሰብ አድርጎ እሺ አለ።

ለማንም እንዳላዳላ መኪናዋን በደንብ አዘጋጀኋት። ካንዴላውን ቀየርኩ፣ የአየር ማጣሪያውን ቀየርኩ፣ ጎማዎቹን ነፋሁ፣ ፍሬኖቹን አንድ በአንድ ነካሁ። ያኔ ከነበረችበት የተሻለች እንጂ የባሰች አልነበረችም። ሰልፉ በዚያ ሰሞን ቀለል ብሎ ስለነበር እሑድ ማደያ ሄደን በጠመኔ አስምረን፣ ኋላዋን ወዝውዘን እስከ አንገቷ ሞላን። የማደያው ልጆች ጤነኛ ሰው አልመሰልኳቸውም።

ሰኞ በእናቱ ሰዓት፣ በእናቱ መቀመጫ ላይ ሆኜ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደን ተመለስን። በኪሎ ከአዴ ድንቄ እምብዛም አልርቅም። ሚስቱም ከጎኔ ነበረች፣ ያኔም እሷ ነበረች የምታስታምማቸው። ማክሰኞና ረቡዕ እንደ ልማዱ ሰው ጭኖ ሠራ። «ሐሙስ ከሰዓት ግን እንዳትወጣ» ብዬው ነበር። «አልወጣም» አለኝ፣ ፊቱን አዙሮ።

ዓርብ ጠዋት ጀሪካን ቤንዚን ኋላ ኮፈኑ ውስጥ አስቀምጬ እንደ ሰኞው ሦስታችን ገባን። ቀስቱ ታች ነው፣ መብራቷ በርቷል። አየውና ማርሽ አስገባ። ከኮዬ ፈጬ ተነስተን በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ቃሊቲ አቀናን። መኪና በመኪና ነው። እንቆማለን፣ እንንፏቀቃለን፣ እንቆማለን። ቃሊቲ አደባባዩን ሳናልፍ ሞተሯ አንዴ ሳል እንዳለው ሰው ኡህ አለና ጠፋ። ደግሞ አስነሳት። ጠፋች። በሦስተኛው እምቢ አለች። ገፍተን ወደ መንገዱ ዳር አወጣናትና ተመልሰን ገባን።

ቶሎሳ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

«ሐሙስ አልሠራሁም» አለ።

«አልሠራህም።»

«ቦሌ አልሄድኩም።»

«አልሄድክም። ሆስፒታሉ ደግሞ ገና ሩቅ ነው» አልኩት። «ያኔም አትደርስም ነበር ቶሎሳ። ደንበኛውን ጫንክም አልጫንክም እናትህን የምታደርስ ቤንዚን ይቺ መኪና ውስጥ አልነበረም።»

መኪናው ውስጥ ሚስቱ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች። እሱ ወደ እኔ አልዞረም፤ በመስታወቱ ነው የሚያየኝ።

«እንግዲያው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። ከዚያ ሳልደብቅ፣ ሳላስተካክል ነገርኩት። እናቱን አታምጣ ማለቴን አስታወስኩት። ብቻዬን ባዶዋን መንዳቴን፣ ዳሽቦርዱን አይቼ መፈረሜን፣ ጋኗ ማነሱን ሳላይ መቅረቴን። «ብርማዋ ብትሆን ሳምንቱን ታዳርስህ ነበር። አንተ በትክክል ጠይቀኸኛል። ያልመለስኩልህ እኔ ነኝ። ለቅሶው ቤት ራስህን ስትወቅስ ሰምቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

እንደ ልጅ አለቀሰ። ዓመት ሙሉ የታመቀ ነው የወጣው። መኪኖቹ ያልፋሉ፣ አንዳንዱ ጡሩንባ ይነፋብናል። ሚስቱ ትከሻውን ያዘችው። እኔ ምንም ሳልነካ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ሲበቃው ወረደ፤ ጀሪካኑን አውጥቶ ቤንዚኑን ራሱ ጨመረ። ክዳኑን ዘጋ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። እኔም ወረድኩ። ፊት ለፊቴ ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«እትዬ አስካለ፣ ይቅር እልዎታለሁ» አለኝ። «ግን ዛሬ አይደለም።»

«እሺ» አልኩት።

እነሱ መኪናዋን አዙረው ወደ ኮዬ ተመለሱ፣ እኔ ወደ ገላን ታክሲ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ አልደወለልኝም፣ እኔም አልደወልኩለትም። መድኃኔዓለም ያውቃል፣ በየቀኑ ስልኬን አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ሚስቱን አገኘኋት። ሳመችኝ። እናቱ ከሞቱ ጀምሮ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን አስነስቶ እንደማያውቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሐሙስ ሲመጣ ከምሳ በኋላ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እስኪመሽ ግድግዳ ሲያይ ይውል ነበር አለችኝ።

«ትናንት ሐሙስ አልነበር?» አለችኝ። «ምሳውን በላና ቁልፉን አንስቶ ሊሠራ ወጣ። ወዴት እንኳ አላልኩትም።»

ሽንኩርቴን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።